ባለ አራት ደርቡ ደን

እንደሚታወቀው በጂኦግራፊም ሆነ በሥነ ሕይወት ትምህርት «የትሮፒክ ክልል የዝናብ ደን» የሚለው ርእስ ሳይነሣ አይታለፍም። ተማሪው «ሙቀት፣ ብዙ ዝናብ፣ ረጃጅም ዛፎች» ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ፈተና ላይ ይመልሳል፤ አለቀ። የደኑ ሥዕል ግን በአእምሮው አይቀረጽም። በተራቆተ ደጋ ወይም በቆላ ሜዳ ላይ ላደገ ልጅ ደን ማለት ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ ተክል ደግሞ አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ፣ ሥሩ ባዶ ነው። ከእሱ ተነሥቶ የዝናብ ደንን ማሰብ በጣም ያስቸግራል።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል ስንገባ ይህን ርእስ እንደገና ማግኘታችን አይቀርም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የደን ደርቦች ምን ምን እንደሆኑ፣ በየደርቡ ማን እንደሚኖር፣ ደርቦቹም እንዴት እንደሚረዳዱ በተቻለን መጠን ለመግለጽ እንሞክራለን። ልናስጨብጥ የምንፈልገው ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ ደን ማለት የትልልቅ ዛፎች ስብስብ ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ ቆመው እያሉም ደን ሊሞት ይችላል። እንዴት? ቀስ ብለን እንየው።

ደኑ የት የት ይገኛል?

የትሮፒክ ክልል የዝናብ ደን በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ባሉ ዝናባማ አገሮች ይገኛል። ከሁሉ የሚሰፋው በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ደን ነው፤ ሁለተኛው በመካከለኛው አፍሪካ የኮንጎ ደን ነው፤ ሦስተኛው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶችና ልሳነ ምድሮች ላይ የተበታተነው ነው። በእነዚህ አካባቢዎች በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ደኑ የያዘው የየብስ ስፋት ከመቶ 6 እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ካሉት የዕፅዋትና የእንስሳት ዓይነቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ እንደሚኖሩ ይገመታል።

የእኛስ አገር? በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንችና በኢሉባቦር፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። አካባቢው በአገራችን ከሁሉ የበለጠ ዝናብ የሚያገኝ ነው፤ በዓመት ከ1500 እስከ 2000 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይዘንባል። እርግጥ ነው፣ ቦታው ከፍታ ስላለው ከአማዞንና ከኮንጎ ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል። በዚህ የተነሣ ሊቃውንቱ «እርጥበታማ የተራራ ደን» ብለው ለይተው ይጠሩታል። በደርብ በደርብ መሠራቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ እኛም የአገራችንን ደን መነሻ አድርገን፣ አማዞንና ኮንጎን እያነጻጸርን እንሄዳለን። ለተማሪውም ቢሆን ቀረሮና ቡና ከማያውቀው የብራዚል ዛፍ ይልቅ ይቀርቡታል።

ደኑን እንደ ባለ አራት ደርብ ቤት አድርገን እናስበው፤ ጉልላት፣ ጣራ፣ የጥላው ደርብና ወለል።

1ኛ. ጉልላቱ

የሣር ቤት ጉልላት ከክዳኑ በላይ ብቻውን ብቅ ብሎ እንደሚታይ ሁሉ፣ በደንም ውስጥ ከሌሎቹ በላይ አናታቸውን ያወጡ ጥቂት ዛፎች አሉ። በደቡብ ምዕራብ ደናችን የዚህ ደርብ ጌታ ቀረሮ ነው። ቁመቱ 40 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንድ የመማሪያ ክፍል ከወለል እስከ ጣራ 3 ሜትር ነው ብንል፣ 13 ክፍሎች አንዱን ባንዱ ላይ ብንደራርብ ነው ቀረሮን የምንስተካከለው! በአማዞን ደግሞ ከዚህም የባሰ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በብራዚል አንድ ዛፍ 88 ሜትር ገደማ ሆኖ መገኘቱ ተገልጿል።

ጉልላት ላይ መኖር ግን ቀላል አይደለም። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋሱ ይገፋል፣ አየሩም ከታቹ ይልቅ ደረቅ ነው። ስለዚህ የዚህ ደርብ ዛፎች ቅጠላቸው ጠንከር ያለ፣ ውኃ የሚቆጥብ ነው።

የጉልላቱ አዳኝ ንስር ነው። በአፍሪካ ደኖች ባለ ዘውዱ ንስር የሚባለው ጦጣና ጉሬዛ ሳይቀር እያደነ ይበላል፤ ጎጆውንም በትልቅ ዛፍ ላይ በእንጨት እየሠራ ለብዙ ዓመታት ይጠቀምበታል። በአማዞን ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሃርፒ የተባለ ንስር አለ። አህጉሩ ተለያየ እንጂ ሙያው አንድ ነው።

2ኛ. ጣራው

ከጉልላቱ ዝቅ ብለን ስንመጣ የዛፎች ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ተያይዞ እንደ ክዳን የተዘረጋበት ደርብ አለ። በእኛ አገር ደን ሰሳ፣ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ ጥቁር እንጨትና ሌሎችም እዚህ ይገኛሉ። የደኑ ወጥ ቤት ይኸው ጣራ ነው። የፀሐይ ብርሃን በብዛት የሚያዘው እዚህ ነው፤ ምግቡም በብዛት የሚሠራው እዚህ ነው። ምግብ ባለበት ደግሞ እንግዳ አይጠፋም፤ ከደኑ እንስሳት ብዙዎቹ ኑሯቸው በጣራው ላይ ነው።

ከሁሉም በፊት የሚታየን ጉሬዛ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር። ጉሬዛ በአብዛኛው ቅጠል በሊታ ነው። ቅጠል ለመፍጨት ከባድ ስለሆነ ሆዱ እንደ ላም ሆድ የተከፋፈለ ነው፤ በውስጡም ቅጠሉን የሚያብላሉ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ። ስለዚህ በልቶ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ሰነፍ ነው እንዳንለው፣ ሥራውን ሆዱ እየሠራለት ነው።

የኤርኩም ዘመድ የሆነችው፣ ሆርንቢል የምትባል ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍም ከዚሁ አትጠፋም። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል በትልቅ ዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይመረጋል። የምትቀር አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት። ወንዱ ታዲያ ፍራፍሬ እየለቀመ በዚያች ቀዳዳ ያጎርሳታል። እንግዲህ አስቡት፤ ጎድጓዳ ያለው ያረጀ ዛፍ «አርጅቷል፣ አይጠቅምም» ተብሎ ሲቆረጥ፣ የአንድ ቤተሰብ ቤት ፈረሰ ማለት ነው።

በጣራው ላይ ሌላም ነዋሪ አለ፤ በዛፍ ላይ የሚበቅል ተክል። ብዙዎቻችን ዛፍ ላይ የበቀለውን ሁሉ «ተቀጽላ» እንላለን። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። እውነተኛው ተቀጽላ ሥሩን በዛፉ ውስጥ ሰዶ ይመጠምጠዋል። ኦርኪድ፣ ፈርንና የዛፍ ሽበት ግን ወደ ብርሃኑ ለመጠጋት ዛፉን እንደ መሰላል ተጠቀሙበት እንጂ ከዛፉ የሚመጡት ነገር የለም። የሚጠጡት ዝናብና ጉም ነው። ጌተም የሚባለው ዛፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን በሌላ ዛፍ ላይ ይጀምርና ሥሩን ወደ መሬት ያወርዳል። ከፋና ሸካ የሚታወቁበት ነጭ ማር የሚገኘው ንቦች ከጌተም አበባ ሲቀስሙ ነው። የአካባቢው ሰዎች ቀፎአቸውን በረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ፤ በሸካ ማን በየትኛው የደን ክፍል ቀፎ እንደሚሰቅል የሚወሰንበት ኮቦ የሚባል ባህላዊ ሥርዓት አለ።

3ኛ. የጥላው ደርብ

ከጣራው ሥር ስንገባ ጨለም ይላል። እዚህ ያሉት አጫጭር ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ገና በማደግ ላይ ያሉ ለጋ ዛፎች ናቸው። ብርሃን ስለሚያንሳቸው ብዙዎቹ ቅጠላቸው ሰፋ ያለና ደማቅ አረንጓዴ ነው። የቅጠላቸው ጫፍም ሹል ሆኖ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ዝናቡ ሳይቋጠር በጫፉ እየተንጠባጠበ እንዲወርድ ይረዳል። የቡናን ቅጠል ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይገነዘባል።

አዎ፣ የዚህ ደርብ ታላቅ ነዋሪ ቡና ነው። ዓለም «አረቢካ» እያለ የሚጠጣው ቡና በተፈጥሮው የጥላ ተክል ነው፤ አገሩም ይኸው የደቡብ ምዕራብ ደናችን ነው። ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። የጫካ ቡና በማሳ ካለው ቡና ይልቅ ቀጭን፣ ረዘም ያለና ፍሬውም ጥቂት ነው። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ይላል አንዳንዱ።

ጥቅሙን አንድ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬን ገና በዛፉ ላይ እያለ የሚያጠቁር በሽታ በኢትዮጵያ ታየ፤ ብዙ ምርትም አጠፋ። በጅማ የሚገኙ ተመራማሪዎች በሽታው የማይበግረው ቡና ፍለጋ በደቡብ ምዕራብ ምድር ተሰማሩ። በሽታ ከመታቸው ዛፎች መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እየመረጡ ዘር ወሰዱ። ከእነዚህም ውስጥ 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ነው፤ «74» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተመረጡ ነው። ዛሬም ገበሬው ይተክላቸዋል። ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው አረቢካ ከጥቂት ተክሎች ዘር የተራባ ስለሆነ እርስ በርሱ በጣም ይመሳሰላል፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ሊጥል ይችላል። የእኛ የጫካ ቡና ግን ልዩ ልዩ ነው። መድኃኒቱ የሚገኘውም በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። እንግዲህ የጥላው ደርብ የዓለም የቡና ጎተራ ነው ብንል አላጋነንም።

4ኛ. ወለሉ

በዝናብ ደን ወለል ላይ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ላይ ከወረደው ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ወለሉ በሣር የተሸፈነ ሳይሆን የረገፈ ቅጠል የተነጠፈበት ነው። በእኛ ደን ኮረሪማ ከጥላው ሥር ይበቅላል፤ ጥምዝም ከዚሁ ይለቀማል። ሁለቱም ለወጥና ለቅቤ ቅመም የሚሆኑ የደን ስጦታዎች ናቸው።

የወለሉን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው የማይታዩት ናቸው፤ ምስጥ፣ ትል፣ እንጉዳይ፣ ሻጋታና ባክቴሪያ። የወደቀው ቅጠል፣ የሞተው እንስሳ፣ የበሰበሰው ግንድ በእነሱ ተፈጭቶ ለዛፉ ሥር ይመለሳል። ሙቀትና እርጥበት ስላለ ሥራው ፈጣን ነው። በአማዞን አብዛኛው አፈር ራሱ ድሃ ነው፤ ሀብቱ ያለው ዛፉ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ደኑ ተመንጥሮ ሲታረስ ሰብሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚከዳው። በዚያው በአማዞን ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች አሉ። ቅጠሉን እየቆረጡ ወደ ጉድጓዳቸው ይሸከማሉ፤ የሚበሉት ግን ቅጠሉን አይደለም። በቅጠሉ ላይ ሻጋታ ያለሙና ሻጋታውን ይመገባሉ። ከሰው በፊት እርሻ የጀመሩ ገበሬዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ትልልቆቹ እንስሳትም የሚራመዱት እዚሁ ነው። በእኛ ደን ድኩላ፣ ጎሽ፣ የዱር አሳማና ነብር አሉ። በኮንጎ ጎሪላ፣ የደን ዝሆንና ኦካፒ አሉ። ኦካፒ የቀጭኔ ዘመድ ሲሆን እግሩ እንደ ሜዳ አህያ የተሸነተረ ነው።

ጥርኝን ግን ለይተን እናንሣው። ሰዎች የሚያውቁት በዝባዱ ነው። ሌሊት ሌሊት እየወጣ የቀላ የቡና ፍሬ ይለቅማል። ሥጋውን ይፈጭና ዘሩን ሳይጎዳ በኩሱ ያወጣዋል፤ ዘሩም ከእናቱ ርቆ ይበቅላል። ጥርኝ ደሞዝ የማይከፈለው ቡና ተካይ ነው ማለት ነው።

ደርቦቹ እንዴት ይረዳዳሉ?

እስካሁን ደርቦቹን ለየብቻ አየን። በእውነቱ ግን የተለያዩ አይደሉም። ከባድ ዝናብ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚመታው ጉልላቱንና ጣራውን ነው፤ ከዚያ በጥላው ደርብ ላይ ይንጠባጠባል፤ በመጨረሻም የረገፈው ቅጠል ይቀበለዋል። መሬት ሲደርስ ጉልበቱ በርዷል፤ አፈሩን አጥቦ አይሄድም፤ ይሰርጋል። ወደ ኦሞ የሚገባው ጎጀብና ወደ ነጭ ዓባይ የሚጓዘው ባሮ ከዚህ አካባቢ ውኃ የሚሰበስቡ ወንዞች ናቸው። ንቡም እንዲሁ ነው፤ ቀፎው ላይ ቤት ቢሆንም ወርዶ የቡናውን አበባ ይቀስማል። ቡና ብቻውን ማፍራት ቢችልም ንብ ሲጎበኘው ፍሬው ይበረክታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግንኙነት ግን የዕድሜ ነው። ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ይህን ነው። ዛሬ 40 ሜትር የሆነው ቀረሮ አንድ ቀን ከወለሉ ላይ የጣት ቁመት ያህል ችግኝ ነበር። በጥላው ሥር ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ አድጎ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲከፈት ነው ሽቅብ የወጣው። እንግዲህ ወለሉና የጥላው ደርብ የጣራውና የጉልላቱ ልጆች ማሳደጊያ ናቸው። አራቱ ደርቦች አራት ቦታዎች ብቻ ሳይሆኑ አራት ዕድሜዎችም ናቸው።

ከታች ሲመነጠርስ?

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ደን እንዴት ይሞታል?

ገበሬው ከጫካ ቡናው የተሻለ ምርት ለማግኘት ሲል ከቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦና ችግኝ ይመነጥራል፤ ከጣራውም ጥቂቱን ያሳሳል። ቡናው ብርሃን አገኘ፣ ፍሬው ጨመረ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ደኑ ያው አረንጓዴ ነው፤ ቀረሮው ቆሟል፣ ሰሳው ቆሟል። ግን በየዓመቱ በገጀራ ከሚጨደው ውስጥ የነገዎቹ ቀረሮዎች አሉበት። አሮጌዎቹ አንድ ቀን ሲወድቁ የሚተካቸው የለም። ልጅ የሌለበት መንደር እንደማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ መንደሩ የሞላ ይመስላል። ቡናውም ቢሆን ጥላው ሲያልቅ አብሮ ይጎዳል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ገበሬው ደን አጥፊ ነው» ማለታችን አይደለም። በዚያ ቡና ልብስ ይገዛል፤ በዚያ ቡና ልጁን ወደ እኛ ክፍል ይልካል። ደግሞም ጥላውን የሚፈልገው ቡና ባይኖር ኖሮ ትልልቆቹም ዛፎች ቀደም ብለው ለእርሻ በወደቁ ነበር። ስለዚህ ነገሩ «መንጥር» ወይም «አትመንጥር» የሚባል ቀላል ነገር አይደለም። በምንጠራ ጊዜ የቀረሮንና የሌሎችን ትልልቅ ዛፎች ችግኝ ለይቶ ምልክት አድርጎ መተው ይቻላል፤ ከደኑም የተወሰነውን ክፍል ጨርሶ ሳይነኩ ማቆየት ይቻላል። የከፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግበዋል። የአሠራሩም ሐሳብ ይኸው ነው፤ የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት ክፍል፣ ከዚያም ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት።

በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ከእኛ መካከል ደን ባለበት ወረዳ የሚመደብ ይኖራል፤ ደን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ የሚገጥመውም ይኖራል። ለሁለቱም የሚሆኑ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ዘዴዎችን እንጠቁም።

ሀ. ሥዕል። በካርቶን ወይም በግድግዳ ላይ 1 ሜትርን በ1 ሳንቲ ሜትር እየለካን ደኑን እናሥል። ቀረሮ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጣራው ከ15 እስከ 30፣ ቡና 5 ገደማ ይሆናል። ሰው ግን 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ተማሪው ራሱን ከዛፉ ሥር ሲያሥል ሁሉም ነገር ይገባዋል።

ለ. ነጠላ። ፀሐይ ላይ ነጭ ወረቀት እናስቀምጥና በላዩ አንድ ነጠላ እንዘርጋ። ከዚያ አጥፈን ሁለት፣ ከዚያም አራት እጥፍ እናድርገው። ጥላው እንዴት እየጠቆረ እንደሚሄድ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ሐ. ውኃ። ሁለት ቦታ አፈር እንከምር፤ አንዱን ባዶውን እንተው፣ አንዱን በደረቅ ቅጠል እንሸፍን። በተበሳሳ ቆርቆሮ በሁለቱም ላይ እኩል ውኃ እናፍስስ። ከየትኛው የደፈረሰ ውኃ ወጣ? መልሱን ለተማሪዎቹ እንተወው።

መ. ቆጠራ። ደን ወይም የቤተ ክርስቲያን ዛፍ በአቅራቢያ ካለ ተማሪዎቹን ወስደን ትልልቆቹን ዛፎች ከማስቆጠራችን በፊት ችግኞቹን እናስቆጥር። የትኛው ዛፍ ልጅ አለው? የትኛው የለውም? አባቱ ቡና የሚመነጥር ተማሪ ካለ በክፍል ፊት ልናሳፍረው አይገባም። ከሁላችንም ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል፤ የቀረሮን ችግኝ ከሌላው ለይቶ እንዲያሳየን እንጠይቀው። ያን ዕለት ማታ አባቱንም ይጠይቅ ይሆናል።

ለዛሬው እዚህ ላይ እናበቃለን። ይህን ያነበባችሁ ዕጩ መምህራንና መምህሮቻችን በየአካባቢያችሁ የምታውቋቸውን የደን ዛፎች ስም፣ እነማን እንደሚኖሩባቸውም ጭምር፣ በወረቀት ጽፋችሁ ብታቀብሉን ለሚቀጥለው እትም በደርብ በደርባቸው አድርገን እናወጣቸዋለን።